ግድግዳው የማን ነው?

የሕዝብ ሥዕል ከአንኮበር እስከ አፍሪካ አዳራሽ፣ ከዚያም እስከ ቺካጎ

ከደብረ ብርሃን ከተማ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ መንገደኛ፣ የሸዋ ደጋ በድንገት ተቆርጦ ቆላው ከእግር ሥር ከሚዘረጋበት አፋፍ ላይ አንኮበርን ያገኛታል። አንኮበር በ19ኛው ምዕት ዓመት የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሻምበል ሐሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው ወደዚሁ አገር ነው። ወጣቱ ምኒልክም ከመቅደላ አምባ አምልጠው እ.ኤ.አ. በ1865 ወደ አባታቸው ግዛት ሲመለሱ የገቡት አንኮበር ነው። መናገሻነቱ ወደ እንጦጦ፣ ቀጥሎም ወደ አዲስ አበባ ከዞረ በኋላ ግን ከተማዪቱ ቀስ በቀስ ከዋናው የታሪክ መንገድ ወጣች።

ከሐሪስ ጋር ዮሐን ማርቲን በርናትዝ የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ አብሮ መጥቶ ነበር። ይህ ሰው የሸዋን ተራራ፣ የንጉሡን ግቢና የሕዝቡን ኑሮ በጥንቃቄ ሥሎ፣ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በመጽሐፍ አሳትሟል። ሥራው ለታሪክ ተመራማሪ እጅግ ጠቃሚ ነው። ይሁን እንጂ የተሠራው ለአውሮፓ ተመልካች ነበር። የተሣለው የሸዋ ሰው መልኩን አላየውም፤ እንዴት ልሣል ብሎም አልተጠየቀም።

ከዚህ በኋላ ከዘጠና ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በጥቅምት ወር 1925 ዓ.ም. በዚችው በአንኮበር አንድ ሕፃን ተወለደ። ልጁ ገና በለጋ ዕድሜው በትውልድ ከተማው ግድግዳዎች ላይ ሥዕል ይሥል እንደ ነበር የሕይወት ታሪኩ ይተርካል። ይኸው ልጅ ዕድሜው ሠላሳ ሳይሞላ፣ በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ባለቀለም የመስታወት ሥዕል አቆመ። የሥራውም አርእስት የአፍሪካ ፍጹም ነፃነት የሚል ነበር። ሰውየው በኋላ የዓለም ሎሬት የተባሉት ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ናቸው።

ከአንኮበር የጭቃ ግድግዳ እስከ አፍሪካ አዳራሽ የመስታወት ግድግዳ ያለው መንገድ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ብቻ አይደለም። የአንድ አሮጌ ጥያቄም ታሪክ ነው። በግድግዳ ላይ የተሣለ ሥዕል የማን ነው? ገንዘቡን የከፈለው ሰው ነው? ብሩሹን የያዘው ነው? ወይስ በየቀኑ ከፊቱ የሚቆመው ሕዝብ? ይህ ጥያቄ በኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን፣ በውቅያኖስ ማዶ ባሉ ጥቁር ሕዝቦች ዘንድም በብርቱ ተነሥቷል።

፩. የመቅደሱ ግድግዳ

በኢትዮጵያ የግድግዳ ሥዕል ትምህርት ቤትም ቤተ መጻሕፍትም ሆኖ የኖረው በቤተ ክርስቲያን ነው። በክብ ቅርጽ የተሠራች አንዲት የሸዋ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ክፍሎች አሏት፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ። ሥዕሉ የሚያርፈው በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ነው። ታቦቱ ወዳለበት መግባት የማይፈቀድለት ምእመን፣ የተሰወረውን ምሥጢር በግድግዳው ላይ ያነበዋል። መጽሐፉ በግዕዝ ተጽፏል፤ ንባቡም የካህናቱ ነው። ሥዕሉ ግን ለገበሬውም፣ ለሸማኔውም፣ ለሕፃኑም ክፍት ነው።

አሠራሩም ከአካባቢው ኑሮ ጋር የተያያዘ ነበር። ግድግዳው ጭድ በተደባለቀበት ጭቃ ይለሰናል። ሠዓሊው በልስኑ ላይ በቀጥታ ይሥላል፤ ወይም በኋለኞቹ ዘመናት እንደ ተለመደው ሥዕሉን በጥጥ ጨርቅ ላይ ሠርቶ ጨርቁን በግድግዳው ላይ ይለጥፋል። በመቅደሱ በሮች ግራና ቀኝ መላእክት ሰይፍ መዝዘው ይቆማሉ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ ዘንዶውን ይወጋል። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ትታያለች፤ ከእግሯም ሥር ሥዕሉን ያሣለው ሰው በግንባሩ ተደፍቶ ይለምናል፤ ስሙም ከጎኑ ይጻፋል። የከፈለው ሰው በግድግዳው ላይ ቦታ አለው ማለት ነው። ነገር ግን ቦታው ከሥር ነው፤ ዋናውን ስፍራ አይዝም።

ደብረ ብርሃን በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ አላት። ከተማዪቱን በ15ኛው ምዕት ዓመት የመሠረቷት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። ከሰማይ ብርሃን ታየ በተባለበት ስፍራ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው፣ ከብዙ ዘመን መዘዋወር በኋላ እዚያው ተቀምጠው ኖረዋል። የእመቤታችን በዓላት በመላ አገሪቱ እንዲከበሩና ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ በጥብቅ ያዘዙትም እርሳቸው ናቸው። የእመቤታችን ሥዕል በኢትዮጵያ ውስጥ የተስፋፋውና የላቀ ደረጃ የደረሰው በዚሁ ዘመን ነው፤ ታላቁ ሠዓሊ ፍሬ ጽዮንም የሠራው በእርሳቸው መንግሥት ነበር። በአድያም ሰገድ ኢያሱ ዘመን በጎንደር የተመሠረተችው ደብረ ብርሃን ሥላሴም ስሟን የወረሰችው ከሸዋዪቱ ደብረ ብርሃን እንደ ሆነ ይነገራል። በጣሪያዋ ላይ ረድፍ በረድፍ የተደረደሩት፣ ዐይናቸው የጎላ፣ ቅንድባቸው የተቀሰተ የመላእክት ፊቶች በዓለም የታወቁ ናቸው። ተመልካች ቀና ሲል ከላይ ሆነው የሚያዩት ፊቶች የሩቅ አገር ሰው ፊት አይደሉም፤ የጎረቤቱን፣ የእናቱን፣ የልጁን መልክ የያዙ ናቸው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ይህች ቤተ ክርስቲያን ከጥፋት ተርፋለች። ሕዝቡ የተረፈችበትን ምክንያት ሲተርክ፣ የንብ መንጋ ወጥቶ ጠላትን አባረረላት ይላል። ትረካው የሚያሳየው አንድ ነገር አለ፤ ሕዝብ የእኔ ነው ላለው ግድግዳ ጠባቂ አያጣለትም።

፪. ሁለት ዐይንና አንድ ዐይን

የኢትዮጵያ ሠዓሊዎች ለረጅም ዘመን የጠበቁት አንድ ሕግ ነበራቸው። ጻድቅና ደግ ሰው ፊቱ ወደ ተመልካቹ ዞሮ፣ ሁለት ዐይኑ ታይቶ ይሣላል። ክፉ ሰው፣ አረማዊ ንጉሥ፣ ሰይጣንም ጭምር በጎኑ ይሣላል፤ የሚታየውም አንድ ዐይኑ ብቻ ነው። ይህን ሕግ ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም ነበር። ማንኛውም ምእመን በአንድ እይታ ማን ከማን ወገን እንደ ሆነ ይለያል።

ይህ የቤተ ክርስቲያን ሕግ የፖለቲካ ቋንቋ የሆነው ከዓድዋ ጦርነት በኋላ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት የተገኘው ድል፣ ብዙም ሳይቆይ በሠዓሊዎች ብሩሽ ታየ። ሥዕሎቹ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳም፣ ለሽያጭ በተዘጋጀ ጨርቅም ላይ ተሠሩ። በነዚህ ሥዕሎች የኢትዮጵያ ሠራዊት በአንድ ወገን፣ የኢጣልያ ሠራዊት በሌላው ወገን ይሰለፋል። ዐፄ ምኒልክ በዘውዳቸው፣ እቴጌ ጣይቱ በፈረሳቸው ላይ ሆነው ይታያሉ። ከመካከል በላይ፣ በሰማዩ ላይ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ቀለም ተከቦ ወደ ጠላት ይወረውራል። ኢትዮጵያውያኑ ሙሉ ፊታቸው ይታያል፤ ጠላቶቹ በአንድ ዐይን ተሥለዋል።

የዚህን ነገር ክብደት ለመገመት የዘመኑን ዓለም ማስታወስ ይገባል። በዚያ ጊዜ በአውሮፓ ጋዜጦችና መጻሕፍት ውስጥ ጥቁር ሰው የሚሣለው ወይ አስፈሪ አውሬ፣ ወይ አሳዛኝ ባሪያ፣ ወይ መሣቂያ ተደርጎ ነበር። በአዲስ አበባ የተቀመጠው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ከዚህ ክርክር ጋር መተዋወቅ ሳያስፈልገው መልሱን ሰጠ። ሙሉ ፊት ያለው ጥቁሩ ሆነ። ክርክር አልጻፈም፤ ከአባቶቹ የተማረውን ሕግ እንዳለ ተጠቀመበት እንጂ። ሥዕል የአንድ ሕዝብ ክብር መግለጫና የትግል መሣሪያ ይሆናል ሲባል፣ ከዚህ የቀደመና የጠራ ምሳሌ ማግኘት ቀላል አይደለም።

፫. የአንኮበሩ ልጅ

አፈወርቅ ተክሌ በተወለዱ በሦስተኛው ዓመት የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ኢትዮጵያን ወረረ። በራስ አበበ አረጋይ ይመሩ የነበሩ አርበኞች በመንዝ፣ በቡልጋና በአንኮበር አካባቢ ለአምስት ዓመት ተዋግተዋል። ልጁ ያደገው የተቃጠለ ቤትና የፈረሰ አገር እያየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 መንግሥት ለትምህርት ወደ እንግሊዝ ሲልካቸው፣ የተመረጠላቸው ሞያ የማዕድን ምሕንድስና ነበር። ይህም አያስገርምም፤ ከጦርነት የወጣች አገር የምትሻው መንገድ የሚቀይስ፣ ድልድይ የሚሠራ፣ ማዕድን የሚያወጣ ሰው ነበር። ሠዓሊ የቅንጦት ሞያ መስሎ ይታይ ነበር።

ይሁንና መምህራኖቻቸው ዝንባሌያቸውን አይተው ወደ ሥነ ጥበብ መሯቸው። በለንደን በማዕከላዊ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በስሌድ ትምህርት ቤት ቅብን፣ ቅርጻ ቅርጽንና የሕንፃ ጥበብን አጠኑ። ከተመለሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የመጀመሪያ ትርኢታቸውን አቀረቡ። ዳግመኛም ወደ አውሮፓ ተጉዘው የባለቀለም መስታወት ሥራን ተማሩ፤ በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን የኢትዮጵያ የብራና ሥዕሎችም መረመሩ። አንድ የአንኮበር ልጅ የአባቶቹን ሥዕል ለማየት ባሕር መሻገሩ የሚያሳዝን ነገር አለው፤ ነገር ግን ያየውን ይዞ ተመልሷል። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልን የግድግዳና የሞዛይክ ሥዕሎች ሲሠሩ፣ የጥንቱ ሠዓሊ የቆመበት ቦታ ላይ በአዲስ መሣሪያ ቆመዋል።

ታላቁ ሥራ የመጣው ግን በአፍሪካ አዳራሽ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1958 በአዲስ አበባ ሲቋቋም፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለኮሚሽኑ መቀመጫ የሚሆን አዳራሽ እንዲሠራ አዘዙ። ሕንፃውን ኢጣልያዊው አርክቴክት አርቱሮ መዘዲሚ ነደፈ። የመግቢያውን ታላቅ መስኮት እንዲሠሩ የታዘዙት አፈወርቅ ተክሌ ነበሩ። አዳራሹ ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ተመረቀ። በዋዜማው፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ብቻ፣ አሥራ ሰባት የአፍሪካ አገሮች ነፃነታቸውን አግኝተው ነበር።

፬. መስኮቱ የሚናገረው

የመስታወቱ ሥዕል በሦስት ክፍል ተከፍሏል። አንደኛው ያለፈችውን አፍሪካ ያሳያል፤ ሰንሰለት፣ ሸክምና ጨለማ ይታይበታል። ሁለተኛው የትግሉን ዘመን የሚያሳይ ሲሆን አፍሪካዊው ከዘንዶ ጋር ይታገላል። ሦስተኛውና ዋነኛው የወደፊቷን አፍሪካ ያሳያል፤ የኢትዮጵያን ልብስ የለበሰ አንድ ቤተሰብ ችቦ ይዞ ከፊት ይወጣል፤ የሌሎች የአፍሪካ አገሮች ሕዝቦችም በየልብሳቸው አብረው ይቆማሉ።

ለውጭ ተመልካች ዘንዶው የቅኝ አገዛዝ ምሳሌ ነው። ከአንኮበር ወይም ከደብረ ብርሃን ለመጣ ሰው ግን ዘንዶው የቆየ ትውውቅ አለው፤ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ እግር ሥር ሲያየው ነው ያደገው። ችቦውም እንዲሁ ነው። በመስከረም ወር በደመራ ዋዜማ ችቦ ይዞ ያልወጣ የሸዋ ልጅ የለም። ሠዓሊው ለመላው አፍሪካ ለመናገር ሲነሣ የገዛ አገሩን ቋንቋ አልጣለም፤ ዘንዶውንና ችቦውን ከአባቶቹ ግድግዳ አንሥቶ በአህጉሪቱ መስኮት ላይ አስቀመጣቸው። ልዩነቱ ዘንዶውን የሚታገለው በሰማይ የሚታየው ቅዱስ ሳይሆን የምድሩ ሰው መሆኑ ነው።

ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የሠላሳ ሁለት ነፃ አገሮች መሪዎችና መልእክተኞች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቃል ኪዳን የፈረሙት በዚሁ አዳራሽ ነው። የጋናው ንክሩማ፣ የጊኒው ሴኩ ቱሬ፣ የታንጋኒካው ኔሬሬ በዚያ መስኮት ብርሃን ሥር አልፈዋል። ሥዕሉ ታሪክን ከሩቅ አልዘገበም፤ ታሪኩ ሲሠራ እዚያው ነበር።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። አዳራሹ የተመረቀው ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ነበር። መስኮቱ የሰንሰለትን መበጠስ ሲያውጅ፣ በአገር ውስጥ የመሬት ጥያቄ አልተመለሰም፤ ገባሩና ጭሰኛው በነበሩበት ነበሩ። ከዚህም በላይ የአፍሪካ አዳራሽ በጥበቃ የታጠረ ግቢ ነው። የሰንጋ ተራ ሸቃይ ወይም የአንኮበር ገበሬ መስኮቱን ያየው፣ ካየው፣ በፎቶግራፍ ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ደሃው በየሰንበቱ የሚቆምበት ነበር፤ የአህጉሪቱ ግድግዳ ግን ለተጋበዘ እንግዳ ነበር። ይህም የሠዓሊውን ሥራ አያሳንስም። ነገር ግን ግድግዳው የማን ነው የሚለውን ጥያቄ ሳይፈታ ይተወዋል። በስድስት ዓመት ልዩነት ለዚህ ጥያቄ ሌላ ዐይነት መልስ የተሰጠው በሰሜን አሜሪካ ነው።

፭. በቺካጎ መንደር

ኢትዮጵያና ቺካጎ በሥዕል ታሪክ የተገናኙት ቀደም ብለው ነበር። የሰላሌ ተወላጅ የሆኑት ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተምረው እ.ኤ.አ. በ1954 ከተመረቁ በኋላ፣ ወደ አገራቸው ተመልሰው የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መሥርተዋል፤ ለአብያተ ክርስቲያናትም ብዙ ሥለዋል። እርሳቸው በተማሩባት ከተማ ጥቁሮች ከነጮች ተለይተው በደቡብ ቺካጎ ይኖሩ ነበር። ቤታቸው ያረጀ፣ ኪራያቸው ውድ፣ መንደራቸውም ለማፍረስ በየጊዜው በማዘጋጃ ቤት የሚታቀድበት ነበር።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1967 በዚያ ሰፈር፣ በ43ኛው መንገድና በላንግሊ ጎዳና መገናኛ፣ ከአሥር በላይ የሚሆኑ ጥቁር ሠዓሊዎችና ፎቶግራፍ አንሺዎች በአንድ አሮጌ ሕንፃ ግድግዳ ላይ ሥራ ጀመሩ። የማዘጋጃ ቤት ትእዛዝ አልነበራቸውም፤ የባለጠጋ ድጋፍም አልጠየቁም። በግድግዳው ላይ የሚሣሉትን ጀግኖች ስም ዝርዝር ተወያይተው መረጡ፤ የሰፈሩም ሰው ሐሳቡን ሰጠበት። ማልኮም ኤክስ፣ ዱቦይስ፣ ማርከስ ጋርቬይ፣ መሐመድ ዓሊ፣ ዘፋኟ ኒና ሲሞን፣ ባለቅኔዋ ግዌንዶሊን ብሩክስ በየክፍላቸው ተሣሉ። ሥራው የመከባበር ግድግዳ ተብሎ ተሰየመ። ከጀግኖቹ መካከል ጋርቬይ የመሠረቱት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1920 የራሱ ያደረገው መዝሙር በኢትዮጵያ ስም የሚጀምር ነበር። የዓድዋ ድል በዚያ ሕዝብ ልብ ውስጥ የነበረውን ቦታ ይህ ብቻ ያስረዳል።

በዚያው ወር በቺካጎ መሐል ከተማ ሌላ የሥነ ጥበብ ሥራ ተመርቆ ነበር፤ ታላቁ ፒካሶ የነደፈው ግዙፍ የብረት ሐውልት። ለዚያ ከንቲባው ተገኝተዋል፤ ሙዚቃም ተሰምቷል። ግዌንዶሊን ብሩክስ ለሁለቱም ሥራዎች ግጥም ጻፉ። በመሐል ከተማ ያለው ሐውልት ሲመረቅ ተመልካቹ ምን እንደ ሆነ እርስ በርሱ ይጠያየቅ ነበር። በደቡብ ሰፈር ያለውን ግድግዳ ያየ ሕፃን ግን የእያንዳንዱን ሰው ስም ይጠራ ነበር። የሰፈሩ ወጣቶች ግድግዳውን ጠበቁት፤ ስብሰባ፣ ንግግርና ሙዚቃ ከፊቱ ተካሄደ።

ታሪኩን ያለ ነቀፌታ ማቅረብ ግን ትክክል አይሆንም። ግድግዳው ገና ወራት ሳይሞላው በሠዓሊዎቹ መካከል ብርቱ ጠብ ተነሣ። የፖለቲካ መሪዎች የተሣሉበት ክፍል፣ የሠራው ሠዓሊ ሳይስማማ በቀለም ተሸፍኖ በሌላ ሠዓሊ እንደ ገና ተሣለ። የሕዝብ ነው በተባለ ግድግዳ ላይ ሕዝቡን ወክሎ የሚወስነው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ብዙዎችን አቁስሎ አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1971 ሕንፃው በእሳት ተጎዳ፤ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። ቢሆንም ከዚያ በፊት ምሳሌው ተስፋፍቶ፣ በዲትሮይትና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ጥቁሮችና ሌሎችም የተገፉ ሕዝቦች የየሰፈራቸውን ግድግዳ መሣል ጀምረው ነበር። ከአራት ዓመት በላይ እምብዛም ያልቆየ ግድግዳ ለአንድ ትውልድ መንገድ ከፈተ።

፮. የአደባባዩ ሰሌዳ

በኢትዮጵያ በ1966 ዓ.ም. አብዮት ከፈነዳ በኋላ ሥዕል ወደ አደባባይ ወጣ። በየፋብሪካው፣ በየቀበሌውና በየትምህርት ቤቱ መፈክርና ሥዕል ተሰቀለ። በአብዮት አደባባይ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ምስሎች እጅግ በገዘፈ ሰሌዳ ላይ ቆሙ። አሁን ግድግዳው የታጠረ ግቢ አልነበረውም፤ ሰፊው ሕዝብ በየቀኑ ያየው ነበር። ከሩቅ ለተመለከተው የቺካጎው ምሳሌ የተደገመ ይመስላል።

ነገሩ ግን በተቃራኒው ነበር። በቺካጎ ማን ይሣል ተብሎ ተመክሯል፤ እዚህ ትእዛዝ ወርዷል። የተሣሉትም ፊቶች የገበሬው ወይም የሸማኔው ዘመዶች አልነበሩም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ ምስሎቹ አብረው ወረዱ። የንብ መንጋ ተነሣ ብሎ የተረከላቸው አልተገኘም። ሕዝብ በየቀኑ ማየቱ ብቻውን ሥዕልን የሕዝብ እንደማያደርገው ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

እነዚህን ግድግዳዎች ጎን ለጎን ያስተያየ ሰው አንድ ፍርድ ላይ ይደርሳል። ገንዘቡ ከንጉሥ ቢመጣ፣ ከካህን ቢመጣ፣ ከድሃ ቀለም ቀቢ ኪስ ቢወጣ፣ ወሳኙ ነገር እርሱ አይደለም። ተመልካቹ በሥዕሉ ውስጥ ራሱን ያገኛል? በአባቶቹ ቋንቋ ይነገርበታል? ሲጎዳ ይጠግነዋል? ለሦስቱም ጥያቄ አዎን የሚል መልስ የሚሰጥ ግድግዳ የሕዝብ ነው።

፯. የቀረው ሥራ

የአሜሪካና የኢትዮጵያ መስመሮች ከዚያ በኋላ በዋሽንግተን ተገናኝተዋል። ከመከባበር ግድግዳ ሠዓሊዎች አንዱ የሆኑት ጄፍ ዶናልድሰን እ.ኤ.አ. በ1970 የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን የሥነ ጥበብ ክፍል መምራት ጀመሩ። በዚሁ ክፍል ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን ለረጅም ዓመታት አስተምረዋል። እስክንድር ቀድሞ በአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2001 ከሠዓሊዋና ባለቅኔዋ ከከበደች ተክለአብ ጋር ሆነው በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ ላይ ከአልሙኒየም የተሠራ ሰፊ ሥራ አቆሙ። ከበደች በሶማሊያ እስር ቤት አሥር ዓመት ያህል ያሳለፉ ናቸው። በሥራው ላይ የሚታየው ቅርጽ ከኢትዮጵያ ፊደል፣ ከጠልሰምና ከባህል ዕቃዎች የተወረሰ ነው። በስደት የሚኖር ኢትዮጵያዊ ለጉዳዩ ሲመጣ ከአገሩ ግድግዳ አንዱን በዚያ ያገኛል።

አፈወርቅ ተክሌ ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ። የአፍሪካ አዳራሽ በሰፊው ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደ ገና ተከፈተ፤ መስታወቶቹም በባለሞያ እጅ ተጸድተውና ተጠግነው ቆመዋል። አህጉሪቱ ለግድግዳዋ ባለሞያና ገንዘብ አላጣችም።

ለገጠሩ ግድግዳ ግን ይህ ሁሉ የለም። ጭድና ጭቃ ዝናብ ሲያገኘው ይሟሟል። ቤተ ክርስቲያኑ በቆርቆሮና በሲሚንቶ እንደ አዲስ ሲሠራ፣ የቆየው ሥዕል ከአሮጌው ልስን ጋር ይወድቃል፤ ወይም በዘይት ቀለም ይሸፈናል። በቦታው ከውጭ አገር ታትሞ የመጣ፣ የማንንም ጎረቤት የማይመስል ፊት ይሰቀላል። ይህን የሚያደርገው ጠላት አይደለም። የተሻለ አሠራሁ ብሎ የሚያምን፣ ከድህነቱ ያዋጣ ምእመን ነው። በመሆኑም የሚያስፈልገው ወቀሳ ሳይሆን በጊዜ የሚደርስ ምክር ነው።

እዚህ ላይ የባለሞያው ኃላፊነት ይጀምራል። ሕንፃ ከመፍረሱ በፊት ግድግዳውን በፎቶግራፍና በልኬት መዝግቦ ማስቀረት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው። በጨርቅ ላይ የተሠራ ሥዕል በጥንቃቄ ከተነሣ ወደ አዲሱ ግድግዳ ሊዛወር ይችላል። አዲስ ትምህርት ቤት፣ አዲስ ጤና ጣቢያ ወይም አዲስ አዳራሽ ሲነደፍ፣ ለሥዕል የሚሆን ግድግዳ ከመጀመሪያው በፕላኑ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። በዚያ ግድግዳ ላይ ምን ይሣል የሚለውን ግን ከቢሮ መወሰን ከአደባባዩ ሰሌዳ ስሕተት አያድንም። የአካባቢው ሽማግሌዎች፣ ካህናት፣ መምህራንና ወጣቶች ሊጠየቁ ይገባል፤ አሁንም ብሩሽ ይዘው የሚኖሩ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ከሥራው ሊገለሉ አይገባም።

በ1930ዎቹ አንድ ልጅ በአንኮበር ግድግዳ ላይ ሲሥል ያየው ሰው ግድግዳ አበላሸህ ብሎ ሊገሥጸው ይችል ነበር። ምናልባትም የገሠጸው አልጠፋም። ልጁ ግን ከመሣል አልታቀበም። ዛሬም በአንኮበር ቁልቁለትና በደብረ ብርሃን ደጋ ከሰል ይዞ ወደ ግድግዳ የሚጠጋ ልጅ አይጠፋም። ቀድመውት የተሣሉት ፊቶች ሳይፈርሱ እንዲደርሱለት ማድረግ የዚህ ትውልድ ባለሞያ ሥራ ነው።